ያረጀ የጌም ኮምፒዩተር እንዴት ይታደሳል?

ኮምፒዩተር በገባበት ቤት ሁሉ ውሎ አድሮ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ። ልጅ፦ «ኮምፒዩተሩ አርጅቷል፤ ጌሙ ይንቀጠቀጣል፤ አዲስ ግራፊክስ ካርድ ይገዛልኝ» ይላል። አባትም ወይ «የጨዋታ ነገር ነው» ብሎ ያልፈዋል፤ ወይም ልጁን ደስ ለማሰኘት ሲል ከቤት ወጪ ቀንሶ ይገዛለታል። ሁለቱም መልሶች ነገሩ ሳይመረመር የሚሰጡ ናቸው። እኛ ከሁለተኛዎቹ ወገን ሁነን ስለ ተሳሳትን፤ የተሳሳትንበትን መንገድና በኋላም የተማርነውን ለአንባብያን ለመግለጽ ወደድን። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናሳስባለን።

በቤታችን ያለው ኮምፒዩተር አንድ ዘመዳችን ከአሜሪካ ሲመጣ ይዞልን የመጣ፤ በ2017 የተገጣጠመ ነው። ፕሮሰሰሩ ራይዘን 5 1600፣ ግራፊክስ ካርዱ ጂ ቲ ኤክስ 1060፣ ራሙ 8 ጊጋባይት ሲሆን፤ ማከማቻው ደግሞ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ነበር። በተሠራበት ጊዜ ለመካከለኛ ቤት የሚበቃ፤ የሚመሰገንም መሣሪያ ነበር።

ልጃችን የሚወደው ጌም ሲቲስ ስካይላይንስ ይባላል። ኮሎሳል ኦርደር የተባለ የፊንላንድ ድርጅት የሠራው፤ በ2015 የወጣ የከተማ ግንባታ ጨዋታ ነው። ተጫዋቹ መንገድ ይቀይሳል፤ ውሃና መብራት ያስገባል፤ ግብር ይጥላል፤ አውቶቡስ ያሠማራል፤ ነዋሪዎችም እየመጡ ይሰፍሩለታል። በእውነቱ እኛም አንዳንድ ማታ ከወንበሩ በስተኋላ ቆመን የአደባባዩን አሠራር ስንተች እንገኝ ነበር። ከተማው ትንሽ ሳለ ሥዕሉ ያለ ችግር ይፈስስ ነበር፤ የነዋሪው ቍጥር ሰባ ሺህ ሲያልፍ ግን መኪኖቹ እየዘለሉ መሄድ፤ ካርታውም ሲጐትቱት እየተንገዳገደ መምጣት ጀመረ።

ልጁ በየበዓሉ ከዘመድ የተሰጠውንና ታናናሽ ተማሪዎችን ሒሳብ እያስጠና ያገኘውን ብር ሁለት ዓመት ያኽል አጠራቅሞ ነበርና ምን ይሻላል ብሎ ጠየቀን። እኛም አስተማሪ በመሆናችን አናውቅም ማለት አሳፈረንና ወዲያው፦ «ግራፊክስ ካርድ ነዋ!» አልነው። አብረን ወጥተን አር ኤክስ 6600 የተባለውን፤ በ2021 የወጣውን ካርድ ገዛን። አሮጌውንም ካርድ ለዋጋው መሙያ ሸጥነው። ሻጩን የጠየቅነው ስለ ካርዱ ብቻ ነበር፤ እርሱም ስለ ካርዱ ብቻ መለሰልን፤ በዚህ የሚወቀስ አይደለም።

ማታ ካርዱ ተገጥሞ ከተማው ተከፈተ። በመስኮቱ ማዕዘን ላይ በፊት 19 ይል የነበረው ቍጥር አሁን 20 አለ። ልጁ ጥቂት ዝም ብሎ ቈየና፦ «አባዬ፤ ቍጥሩ አልተለወጠም እኮ» አለን። ሌላ ቃል አልጨመረም። ከዚያ በኋላ ብዙ ቀን ከተማውን ሳይከፍት ቀረ። ቢቈጣን ኖሮ ይቀለን ነበር።

ይህ ቍጥር ምን እንደ ሆነ ለማያውቅ አንባቢ እንግለጽ። በጌም ውስጥ የሚታየው እንቅስቃሴ እንደ ሲኒማ ሁሉ ተከታታይ ሥዕል ነው፤ አንዱ ሥዕል ፍሬም ይባላል። በአንድ ሴኮንድ 60 ፍሬም እንዲታይ ከተፈለገ እያንዳንዱ ሥዕል በ16.7 ሚሊሴኮንድ ውስጥ መጠናቀቅ አለበት፤ 30 ከሆነ 33.3 ሚሊሴኮንድ ይበቃል። በ20 ላይ ግን አንዱ ሥዕል 50 ሚሊሴኮንድ ስለሚፈጅ ዓይን መቈራረጡን ያያል። እንግዲህ ጥያቄው «ካርዱ አርጅቷልን?» የሚል ሳይሆን፤ «በእነዚያ 50 ሚሊሴኮንዶች ውስጥ የሚያዘገየው ማን ነው?» የሚል መሆን ነበረበት።

ይህን ያስረዳን ቀድሞ ያስተማርነው፤ ዛሬ በኮምፒዩተር ጥገና የሚተዳደር ሰው ነው። ጕዳዩን ስንነግረው ሣቀና፦ «ጋሼ፤ ሳይለኩ ገዝተዋላ! በሉ አሁን የሥዕሉን መጠን ያሳንሱና ቍጥሩን ይዩት» አለን። ቤታችን እንደ ገባን በጌሙ ማስተካከያ ውስጥ 1920 በ1080 የነበረውን ወደ 1280 በ720 አወረድነው። ይህ ማለት በእያንዳንዱ ሥዕል ላይ የሚቀቡት ነጥቦች ከ2,073,600 ወደ 921,600 ወረዱ ማለት ነው፤ የግራፊክስ ካርዱ ሥራ ከግማሽ በላይ ተቃለለለት። ቍጥሩ ግን ያው 20 ነበር።

ነገሩን በብራና መጽሐፍ ሥራ ብንመስለው ይቀላል። ሠዓሊው የቱንም ያኽል እጀ ፈጣን ቢሆን፤ ፋቂው ብራናውን ፍቆ፣ አሥምሮ፣ አሰናድቶ እስኪያቀርብለት ድረስ ብሩሹን እንደ ያዘ ይቀመጣል። ፕሮሰሰሩ ፋቂው ነው፤ ግራፊክስ ካርዱ ሠዓሊው ነው። በከተማ ግንባታ ጌም ውስጥ የእያንዳንዱን ነዋሪ መንገድ፣ የእያንዳንዱን አውቶቡስ መሣፈሪያ የሚያሰላው ፕሮሰሰሩ ስለ ሆነ፤ ከተማው ባደገ ቍጥር የሚከብደው ለእርሱ ነው። እኛ ታዲያ ፋቂው እየደከመ ሳለ ሁለተኛ ሠዓሊ ቀጠርን።

የመጠኑ ሙከራ ምንም ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚፈጀውም አምስት ደቂቃ ነው። ሥዕሉ ሲያንስ ቍጥሩ ከፍ ካለ ጫናው የግራፊክስ ካርዱ ነው፤ ካርድ ቢገዛ ይጠቅማል። ቍጥሩ ካልተነቃነቀ ጫናው ከካርዱ ውጭ ነው። ሁለተኛ ምስክር የሚፈልግ ሰው ጌሙ ክፍት ሳለ በዊንዶውስ ታስክ ማናጀር ውስጥ የግራፊክስ ካርዱን የሥራ መቶኛ ይመልከት፤ ከ95 በላይ ከሆነ ካርዱ በሙሉ ኀይሉ እየሠራ ነው፤ 50 ወይም 60 ላይ ከቆመ ሥራ እየጠበቀ ነው። በእኛ ቤት ከ40 አላለፈም ነበር።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ፤ እኛም ተሳስተንበት ነበር። በዚያው ሠንጠረዥ ላይ ፕሮሰሰሩ 35 በመቶ ብቻ እየሠራ እንደ ሆነ ያሳያል፤ ተመልካቹም «ፕሮሰሰሩማ ገና ትርፍ አለው» ይላል። ነገር ግን ራይዘን 5 1600 ስድስት ኮር ያለው ሲሆን፤ ለዊንዶውስ እንደ 12 ሠራተኛ ሁኖ ይታያል። የጌሙ ዋና ሥራ በአንዱ ላይ ብቻ ወድቆ ያ አንዱ ቢደክም፤ ሌሎቹ ዐሥራ አንዱም ቢያርፉ፤ ጠቅላላው መቶኛ 8 ያኽል ብቻ ነው የሚሆነው። ስለዚህ ጠቅላላውን ሳይሆን እያንዳንዱን ኮር ለየብቻ የሚያሳየውን ሥዕል መክፈት ያስፈልጋል፤ በሠንጠረዡ ላይ በቀኝ ጠቅታ ይገኛል።

መለካቱን ከጨረስን በኋላ ወደ እድሳቱ ገባን። የልጁ ገንዘብ አልቆ ነበር፤ ስሕተቱም የእኛ ነበርና ቀሪው ከእኛ ኪስ እንዲሆን ወሰንን።

መጀመሪያ ያደረግነው ምንም የማያስወጣውን ነው። ሣጥኑን ከፍተን በለስላሳ ብሩሽ አቧራውን ጠረግነው። ከፕሮሰሰሩ በላይ ባለው ፋን ሥር የተጋገረው አቧራ እንደ ሱፍ ጨርቅ ተነሣ። የዚህ ፕሮሰሰር የሙቀት ወሰን 95 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ ወደዚያ ሲጠጋ ራሱን ለማዳን ሲል ፍጥነቱን ይቀንሳል። በክረምት ደህና የነበረ ኮምፒዩተር በበጋ የሚደክመው አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ የተነሣ ነው። ሲጠረግ ፋኑን በጣት ይዞ ማቆም ይገባል፤ በነፋስ ኀይል ከመጠን በላይ ከተሽከረከረ ሊበላሽ ይችላልና።

ቀጥሎ ራሙን አየን። 8 ጊጋባይቱ በአንድ ቁራጭ የተሰካ ነበር። ይህ ሁለት ጕዳት አለው። አንደኛ፤ ትልቅ ከተማ 8 ጊጋባይትን ሞልቶ ስለሚተርፍ ዊንዶውስ ትርፉን ወደ ሃርድ ዲስኩ ያወርደዋል፤ ያን ጊዜ ጌሙ ለአንድ ለሁለት ሴኮንድ ደርቆ ይቆማል። ሁለተኛ፤ ማዘርቦርዱ ራምን በሁለት ጐዳና ለማንበብ የተሠራ ሲሆን፤ አንድ ቁራጭ ብቻ ሲሰካ አንዱ ጐዳና ባዶውን ይቀራል። 3200 በሚባለው ፍጥነት የሚሠራ ዲ ዲ አር 4 ራም በአንድ ቁራጭ በሴኮንድ 25.6 ጊጋባይት፤ በሁለት 51.2 ጊጋባይት ያስተላልፋል። ስለዚህ አንድ ባለ 16 ከመግዛት ይልቅ ሁለት ባለ 8 ይሻላል። ይህንንም በባዮስ ውስጥ ኤክስ ኤም ፒ የሚለውን ካላበሩት በስተቀር ራሙ በዝቅተኛ ፍጥነት እንደሚሠራ ማወቅ ይገባል፤ ውድ ራም ገዝተው ዓመታት በዝቅተኛው ፍጥነት የሚጠቀሙበት ሰዎች ጥቂት አይደሉም።

የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ በኤስ ኤስ ዲ ተተካ። በዚህ ብዙ መቈየት አያስፈልግም። የፍሬሙን ቍጥር አይጨምርም፤ ነገር ግን ኮምፒዩተሩ ለመነሣት የሚፈጅበትን ጊዜና ከተማው እስኪከፈት የሚጠበቀውን ጊዜ እጅግ ያሳጥራል። ተራው ሳታ የሚባለው ዓይነት በሴኮንድ 550 ሜጋባይት ያኽል ያነባል፤ ኤን ቪ ኤም ኢ የሚባለው ከዚያ ብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ ሆኖም በጌም አከፋፈት ላይ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ ስለ ሆነ ርካሹን የመረጠ ሰው አይጸጸትም።

ዋናው ነገር ፕሮሰሰሩ ነበር። በዚህ የዕድል ነገር ሁኖ ቀንቶናል እንላለን። ኤ ኤም ዲ የተባለው ድርጅት በ2017 ለመጀመሪያዎቹ ራይዘኖች የተጠቀመበትን ኤ ኤም 4 የተባለውን ሶኬት ለብዙ ዓመታት አልለወጠውም። እንዲያውም በ2022 እንደ እኛው ባሉት በአሮጌዎቹ ማዘርቦርዶች ላይ የራይዘን 5000 ተከታታይ እንዲሠራ ፈቀደ። ስለዚህ ማዘርቦርዱና ራሙ ሳይነኩ የአምስት ዓመት ታናሽ የሆነውን፤ በ2022 የወጣውን ራይዘን 5 5600 መትከል ተቻለ። ይህም እንደ ቀድሞው ስድስት ኮር ያለው ነው፤ የመብራት ፍጆታውም በዚያው በ65 ዋት የተመደበ ነው፤ እያንዳንዱ ኮር ግን እጅግ ይፈጥናል፤ ለእኛ ችግር የሚያስፈልገውም ይኸው ነበር። በዚያው ዓመት የወጣው ራይዘን 7 5800ኤክስ3ዲ 96 ሜጋባይት ካሽ የተባለ የቅርብ ማስታወሻ ስላለው ለጌም ይበልጣል፤ ዋጋው ግን ከዓቅማችን በላይ ሁኖ አገኘነው።

ከዚህም ጋር ሌላ ጥቅም ተገኘ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ጥበቃ ጥቅምት 14 ቀን 2025 አቁሟል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ የመጀመሪያውን ራይዘን ትውልድ አይቀበልም። አዲሱን ፕሮሰሰር ግን ይቀበላል። ለጌም ብለን የገዛነው ዕቃ ኮምፒዩተሩን ለትምህርትና ለቤት ሥራ ለሚቀጥሉት ዓመታት አቆየልን።

ፕሮሰሰር ስትለውጡ ሁለት አደጋ አለ። የመጀመሪያው ባዮሱ ነው። አሮጌው ማዘርቦርድ አዲሱን ፕሮሰሰር እንዲያውቀው አሮጌው ፕሮሰሰር ገና ተተክሎ ሳለ ባዮሱን ማደስ ግድ ነው፤ ፋይሉም የሚገኘው ከማዘርቦርዱ ሠሪ ነው። በሚታደስበት ጊዜ መብራት ቢጠፋ ማዘርቦርዱ ጨርሶ ላይነሣ ይችላል። መብራት የማይጠፋበትን ሰዓት ጠብቁ እንዳንል እንዲህ ያለ ሰዓት በሰፈራችን ስለማይታወቅ፤ እኛ ከጎረቤት ዩ ፒ ኤስ ተውሰን ሠራነው። ሁለተኛው አደጋ በመንቀሉ ላይ ነው። የኤ ኤም 4 ፕሮሰሰር በሥሩ 1331 ቀጫጭን እግሮች አሉት፤ በላዩ ያለው ማቀዝቀዣ ደግሞ በደረቀ ቴርማል ፔስት ተጣብቆ ይገኛል። በኀይል ወደ ላይ ቢስቡት ፕሮሰሰሩን ከሶኬቱ ነቅሎ ያመጣዋል፤ እግሮቹም ይጣመማሉ። ስለዚህ ኮምፒዩተሩን ጥቂት ደቂቃ አሠርቶ ፔስቱን ማሞቅ፤ ከዚያም አጥፍቶ፣ ከመብራት ነቅሎ ማቀዝቀዣውን ቀስ ብሎ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እያዞሩ ማላቀቅ ነው። ይህን የሠራው ልጁ ነው፤ እኛ ባትሪ ይዘን አበራንለት፤ እጁ ከእኛ እጅ ይልቅ የጸና ነበር።

አሁን የመጠኑ ሙከራ «ጫናው የካርዱ ነው» ብሎ ለመሰከረላቸው ቤቶች ጥቂት እንጨምር። ካርድ ከመምረጥ በፊት ሞኒተሩ ይታይ። ባለ 60 ኸርዝ ሞኒተር በሴኮንድ ከ60 ሥዕል በላይ ሊያሳይ አይችልም፤ 120 የሚያወጣ ካርድ ቢገዙለት ግማሹ ለዓይን አይታይም። ደግሞ ርካሽ ነው ተብሎ የሚቀርበው ካርድ ሁሉ ለአሮጌ ማዘርቦርድ አይስማማም። ለምሳሌ በ2022 የወጣው አር ኤክስ 6500 ኤክስ ቲ ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኘው በአራት መሥመር ብቻ ሲሆን፤ ማስታወሻውም 4 ጊጋባይት ነው፤ ፒ ሲ አይ ኢ 3.0 በሚባለው አሮጌ መገናኛ ላይ ሲሰካ ፍጥነቱ በሚታይ መጠን ይቀንሳል። 6600 ስምንት መሥመር ስላለው ጕዳቱ አነስተኛ ነው።

ፓወር ሰፕላይ የሚባለው ሣጥን ማንም የማያስበው፤ ነገር ግን ሌላውን ሁሉ ሊያቃጥል የሚችል ዕቃ ነው። ጂ ቲ ኤክስ 1060 በ120 ዋት፣ አር ኤክስ 6600 በ132 ዋት የተመደቡ ስለ ሆኑ የእኛ ባለ 450 ዋቱ በቅቷል፤ 200 ወይም 300 ዋት የሚጠጣ ካርድ ለሚያስብ ሰው ግን የፓወር ሰፕላዩ ዋጋ አብሮ ይታሰብ። ኮምፒዩተሩ እንደ እኛው ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ በፓወር ሰፕላዩ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ማንበብ ይገባል። 100–240 የሚል ከሆነ ራሱ ይለማመዳል። ነገር ግን በስተኋላው 115 እና 230 የሚል ትንሽ ቀይ መቀያየሪያ ካለውና 115 ላይ እንዳለ በአገራችን 220 ቮልት ላይ ከተሰካ፤ ወዲያውኑ ፈንድቶ ይቀራል። ሌላም አለ፤ ገመዶቹ የሚነቀሉና የሚሰኩ ዓይነት ከሆኑ የአንዱን ፓወር ሰፕላይ ገመድ ለሌላው መጠቀም አይገባም። ሶኬቱ ልክ ቢሆንም እንኳ የውስጡ ሽቦ አሰላለፍ ሊለይ ይችላል፤ በዚህ ስንት ዲስክ ተቃጥሏል።

እድሳት የማይገባው ኮምፒዩተርም አለ። ከመሥሪያ ቤት የወጡ፤ በ2013 አካባቢ የተሠሩ፤ አራተኛ ትውልድ ኢንቴል ያላቸው ኮምፒዩተሮች በየሱቁ ይገኛሉ። የሚቀበሉት ዲ ዲ አር 3 ራም ነው፤ ብዙዎቹም ፓወር ሰፕላያቸው ለብቻው የተሠራ ስለ ሆነ በተራው አይተካም። ለእነዚህ ኤስ ኤስ ዲና ጥቂት ራም መጨመር ደግ ነው፤ ፕሮሰሰሩ ካልበቃ ግን ፕሮሰሰር ለመለወጥ ማዘርቦርድ፣ ማዘርቦርድ ለመለወጥ ራም፣ እያለ ሁሉም ይከተላል፤ ያ አዲስ ኮምፒዩተር መግዛት ነው እንጂ እድሳት አይደለም። ከ2022 ወዲህ የወጣው የኤ ኤም ዲ ኤ ኤም 5 ሶኬት ዲ ዲ አር 5 ራም ብቻ ይቀበላል። በ2025 መጨረሻ ሠሪዎቹ ፊታቸውን ለሰው ሠራሽ ብልኀት ወደሚያገለግሉ ትልልቅ ማዕከሎች ስላዞሩ የራም ዋጋ እጅግ ወጣ፤ ስለዚህ ያለውን ራም ይዞ መቈየት የሚያስችል መንገድ ሲገኝ መጠቀም ይበጃል እንላለን።

ፕሮሰሰሩ በተተከለበት ማታ ያው ከተማ ተከፈተ። ቍጥሩ 36 አለ። ስድሳ አልደረሰም፤ የቀድሞ ተማሪያችንም በዚህ ጌም ትልቅ ከተማ ይዞ ስድሳ የሚጠብቅ ሰው የለም ብሎ አስቀድሞ ነግሮናል፤ ነገር ግን መኪኖቹ መዝለላቸውን ተዉ። ቀደም ብሎ የተገዛው ካርድም ከዚያ ወዲህ ሥራ አገኘ፤ ልጁ የሕንፃዎቹን ጥላና የውሃውን ገጽታ ከፍ አድርጎት ቍጥሩ አልወረደም። አሮጌው ራይዘን እግሮቹ ሳይጣመሙ በአዲሱ ካርቶን ውስጥ ገብቶ ለአንድ የክፍል ጓደኛው ተሰጠ።

ባለፈው ቅዳሜ ልጃችን ጠርቶን ከኋላው ቆምን። ነዋሪው መቶ ሺህ አልፎ ከወንዙ ማዶ አዲስ ሰፈር ተቀይሷል። «አባዬ፤ ለድልድዩ ስም አውጣለት» አለን፤ እስከ ዛሬ እያሰብንበት ነው።